ወፍስ አለ

በነሐሴ መጨረሻ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ለመሄድ ጓዛችንን ስንሸክፍ ያዩ የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን መጀመሪያ የጠየቁን «ማን ሞተ?» ብለው ነው። በዚያ ዝናብና ጭቃ ሰው ወደ ስሜን የሚወጣው ለለቅሶ ካልሆነ ለሌላ አይመስላቸውም። ማንም እንዳልሞተ፥ የምንሄደውም ወፍ ለማየት እንደ ሆነ በነገርናቸው ጊዜ ሳቁ ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት ተሰማ። አንዱማ በዛሬ ጊዜ የከተማ ልጅ አነጋገር «ወፍ የለም!» ብሎ አሰናበተን። ይህን አነጋገር ያልሰማ አንባቢ ቢኖር «ምንም ነገር የለም፤ በከንቱ አትልፉ» ማለት ነው። እኛም ሦስት ሆነን፥ አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ለሦስት፥ አንድ ደብተር ለሦስት፥ ጃንጥላ ግን ለየራሳችን ይዘን ተነሣን። ጃንጥላዎቹ ከመነጽሩ ይበልጥ እንደ ጠቀሙን ከወዲሁ ብንናገር ታሪኩን አናበላሽም።

ሐሳቡ የመጣልን ከቤተ መጻሕፍት ነው። ለፈተና መዘጋጀት ሲገባን አንድ የፈረንጆች የወፍ መጽሐፍ እናገላብጥ ነበር። በዚያ መጽሐፍ እንዳነበብነው የእነርሱ በጋ ሲያልቅ፥ ማለት የእኛ ክረምት ሊወጣ ሲል፥ አያሌ ሰዎች ወደ ባሕር ዳር ወርደው ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚያልፉትን ወፎች ይቆጥራሉ። ሽማግሌው፥ ሐኪሙ፥ ፖስተኛው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ይሄዳል። እኛስ ከየት ቆመን እንቁጠር? ባሕር የለንም፤ የባሕሩን ጉዳይ ለታሪክና ለሕግ ክፍል ተማሪዎች እንተወው። ዳሩ ግን ገደል አለን። ገደል ደግሞ ለወፍ የባሕር ዳር ያህል ነው የሚል ክርክር አነሣን፤ ክርክሩም እንዲህ ነው።

ወፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይበርም። ትንንሾቹ ክንፋቸውን እያርገበገቡ በገዛ ጉልበታቸው ይሄዳሉ። ንስር፥ ጆፌ አሞራ፥ ሽመላ የመሳሰሉት ከባዶች ግን ፀሐይ ያሞቀችው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ክንፋቸውን ዘርግተው በእርሱ ይሳፈራሉ፤ እየዞሩ ከወጡም በኋላ ወደሚቀጥለው ሙቅ አየር ይንሸራተታሉ። ከሰፊ ውሃ ላይ እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ አይነሣም። ስለዚህ ባሕሩ የሚጠብበትን ቦታ ፈልገው ይሻገራሉ። ከእስያ ወደ አፍሪካ ከሚወርዱት ብዙዎቹ በባብ ኤል መንደብ በኩል የሚያልፉት በዚህ ምክንያት ነው። በ1987 በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት በዚያ ወሽመጥ ዳር ሆነው የቆጠሩ ሰዎች ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች መዝግበዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ወራቱንና ቀኖቹን ግን በእኛው አቈጣጠር እንጽፋለን፤ ላደበላለቅነው ይቅርታ።) ገደልም የራሱ ሥራ አለው። ከቆላ የሚመጣው ነፋስ የገደሉን ግድግዳ ሲመታ መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ አሞራውም በዚያ ላይ ያለ ድካም ይንሳፈፋል። በክረምት ደግሞ ጉሙ ቆላውን ሞልቶ ከአፋፉ በታች ሲተኛ፥ ከላይ ለቆመ ሰው ነጭ ባሕር እንጂ ሌላ አይመስልም። እንግዲህ የባሕር ዳራችንን አገኘን አልን።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምባ ጊዮርጊስን ካለፉ በኋላ ዳባት ይገኛል። እኛም መጀመሪያ ያረፍነው በዳባት ከሦስታችን የአንዱ አክስት ቤት ነው። ሁላችንም «እቴቴ» አልናቸው፤ እርሳቸውም ሁላችንንም «ልጆቼ» አሉን። ወፍ ለማየት መምጣታችንን ሲሰሙ አልሳቁም። «ተምራችሁ ስታበቁ በወፍ ትቀጠራላችሁ?» ብለው ብቻ ጠየቁ። መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች ያሳለፍነው በትንንሾቹ ወፎች ነው። ጧት ጧት ጉም ስለሚሆን ከአጥሩ ማዶ አይታይም፤ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፤ በመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይገኛል። በዚያች ጊዜ ከግጦሹ ላይ ከብቶቹ እግር ሥር ጭራዋን የምትወዘውዝ ቢጫ ወፍ አየን። ይህች ወፍ በአውሮፓና በእስያ ፈልፍላ ክረምታችን ሲወጣ ወደ እኛ የምትመጣ ናት። ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለ ሌላ ትንሽ ወፍ ከገብሱ በላይ ዝቅ ብላ ትመላለስ ነበር፤ እርስዋም መንገደኛ ናት። ነቢዩ ኤርምያስ በስምንተኛው ምዕራፍ ወፎች የመምጫ ጊዜያቸውን እንደሚያውቁ ተናግሮ ሕዝቡን የወቀሰበት ነገር ትዝ አለን። የዩኒቨርሲቲ መመዝገቢያ ቀን በየዓመቱ የሚያልፈን እኛ በወቀሳው ውስጥ ሳንኖርበት አንቀርም።

የመስቀል ወፍ ግን ክርክር አስነሣችብን። ዓመት ቆይቶ ብቅ የሚለውን ዘመድ «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን፤ በመስከረም ብቻ የምትመጣ፥ ቀሪውን ዓመት የት እንደምትውል የማትታወቅ ስለምትመስል ነው። ከአጥሩ ላይ ጥቁር ሆኖ ጀርባው ቢጫ የሆነ ወፍ ዐይተን ለጎረቤት ልጅ ብናሳየው «የመስቀል ወፍ ነው» አለን። ከእኛ አንዱ ከመጽሐፉ ያነበበውን ነገረው። የመስቀል ወፍ የሚባለው አንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉም ከዚሁ አገር አይርቅም። በበጋ ወንዱም እንደ ሴቷ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ልብስ ስለሚለብስ ማንም አያስተውለውም፤ ዝናቡ ሲመጣ ግን ወንዱ ለጋብቻ አዲስ ላባ ያወጣል። ልጁ በጥሞና ሰማና «ታዲያ ልብሱን ከቀየረ መጣ ማለት አይደለም ወይ?» አለ። ዕድሜው አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። በደብተራችን ላይ መልሱን ጽፈን ዝም አልን።

በነሐሴ 29 ቀን ጧት ጉሙ ከወትሮው ቀድሞ ተገለጠ። ከማዶው ሸንተረር በላይ ሦስት ጆፌ አሞራዎች ቀስ ብለው ሲዞሩ አየን። ለአሞራ የመጣን ሰዎች ነንና ከሦስታችን አንዱ በደስታ ጮኸ፤ እጁንም ዘርግቶ አመለከተ። እቴቴ ጩኸቱን ሰምተው ከጓዳ ወጡ፤ ወደ ሰማይ ተመለከቱና የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ልጆቼ፥ በጣታችሁ አታሳዩ» አሉን።

ተረት መስሎን ፈገግ አልን። እንዲያውም አንዳችን «እቴቴ፥ ገድ አለው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ገድ አይደለም። አታውቁማ» ብለው ተመልሰው ገቡ። ያን ቀን ቡና አልተፈላም።

ምክንያቱን የነገረን ያው የጎረቤት ልጅ ነው። በ2021 በነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ በጭናና በአካባቢው ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ይህን በጋዜጣ አንብበነው ነበር፤ ማንበብና ማወቅ ግን ሁለት ነገር ነው። ልጁ በዚያን ጊዜ ትንሽ ነበረ። «ሰው የጠፋበት ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር» አለን። የመጣንበት ሳምንት የሙት ዓመት ሳምንት ነበር። በጓዳ ያለው ጠላ ለእንቍጣጣሽ የተጠመቀ መስሎን ነበር፤ ለካ ለዝክር ኖሯል።

ማታ በመኝታችን ላይ ተጣላን። ከእኛ አንዱ፥ አክስቱ የሆኑት፥ የሦስቱን አሞራዎች መዝገብ ከደብተሩ እንሰርዝ አለ፤ በሰው ቤት ተቀምጠን የሰውን ኀዘን አንቆጥርም አለ። ሁለተኛው መዝገብ ኀዘን አያውቅም፤ ያየነውን ካልጻፍን ለምን መጣን? ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛው የተኛ መስሎ ዝም አለ፤ ይህም ሐሳብ ነው እንበል። በመጨረሻ መስመሩ ተሰረዘ። የሰረዘው እስክሪብቶ ወረቀቱን ቀደደው።

በጳጉሜን 2 ቀን ወደ ደባርቅ ወጣን። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷም ይህን አይክድም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚሁ ነው። ፓርኩ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2017 ወጣ። በከተማይቱ ያገኘናቸው መሪያችን ለቱሪስት በቅሎ ያከራዩ የነበሩ አዛውንት ናቸው፤ «አያ» እንላቸው ነበር። በ2020 በሽታው፥ ቀጥሎም ጦርነቱ እንግዳውን ሲያስቀረው ከሁለቱ በቅሎዎቻቸው አንዷን እንደ ሸጡ ነገሩን። የቀረችው በቅሎ ጃንጥላ ትፈራለች። ስለዚህ ከደባርቅ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ ጃንጥላችንን አጥፈን በዝናብ ሄድን።

ቀኑ በበነጋው፥ በጳጉሜን 3፥ የሩፋኤል ዕለት ነበር። በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ሕፃናት ሁሉ ልብሳቸውን አውልቀው ወደ ደጅ ይወጣሉ። እኛ ከአንድ የሣር ቤት ጥግ ተጠግተን ስንንቀጠቀጥ ራቁታቸውን የሚዘሉ ልጆች «እናንተ አትጠመቁም?» ብለው ሳቁብን። አያ በበኩላቸው ራሳቸውን ገልጠው ቆሙ። ወፍ? ሁለት ቁራዎች፥ እነርሱም በዝናብ ተጨማደው። በደብተሩ ላይ «ሁለት ቁራ፥ ሦስት ተማሪ፥ ሁሉም ረጥበዋል» የሚል አለ።

ስለዚህ ቁራ ግን ጥቂት መናገር ይገባናል። የስሜን ቁራ በማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፥ መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፥ በቁራ ወገን ሁሉ ትልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ በቀር በሌላ አገር አይኖርም። ኖኅ ልኮት የቀረ ነው በማለት «የቁራ መልእክተኛ» የምንለው ግን የዚህን ታታሪ ወፍ ስም ያለ ጥፋቱ ማጥፋት ይመስለናል፤ በአውቶቡስ ጣቢያው ከእርሱ ቀድሞ የሚነሣ የለም። ይህን ቁራ ለፈረንጆች ሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ነው። ሩፔል በ1832 ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ከዚያ ጉዞ በኋላ እስከ 1840 ባሉት ዓመታት ውስጥ ዋልያን፥ ጭላዳን፥ ቀይ ቀበሮን፥ ይህን ቁራ፥ በአንገቱ ነጭ ቀለበት ያለውን የገደል ርግብ፥ እንዲሁም ጧት በመስኩ ላይ መንቁሩን እንደ ማጭድ እየቀሰረ የሚያንቋርረውን ጋጋኖ በላቲን ስም መዘገባቸው። ስም ያልነበራቸው ይመስል! አያ ይህን ስንነግራቸው «እኛስ እስከዚያ ድረስ ምን እንላቸው ኖሯል?» አሉ።

በጳጉሜን 4 ሰማዩ ተከፈተ። ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት ሆኗል። ከእግራችን በታች ቆላው ሁሉ በደመና ተሸፍኖ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ እዚህም እዚያም የተራራ ራስ እንደ ደሴት ብቅ ብሏል። ኢጣሊያኖች በ1930ዎቹ የሠሩት መንገድ እየተጠማዘዘ ወርዶ ደመናው ውስጥ ይጠፋል። መጀመሪያ ርግቦቹ ከገደሉ ወጡ። ቀጥሎ አንዲት ጭልፊት ነፋሱን ተደግፋ በአንድ ቦታ ላይ እንደ ተሰቀለች ቆማ አየናት። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም የለም። «ወፍ የለም» የሚለው ቃል በሦስታችንም ምላስ ላይ ነበር፤ አንዳችንም አልደፈርነውም።

ከአፋፉ በታች ነበር የመጣው። አሞራን ከላይ ወደ ታች ማየት ያልለመደ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ጀርባውን ታያለህና። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል የማያንስ፥ ጭራው እንደ ጦር አንደበት የተሳለ፥ ደረቱ እንደ ዝገት የቀላ ነው። አያ «አጥንት ሰባሪው» አሉ። በእግሩ አንድ ረዥም አጥንት ይዟል። ከፍ ከፍ አለና ከአንድ የድንጋይ ንጣፍ በላይ ሲደርስ ለቀቀው፤ ድምፁ ከቆምንበት ተሰማ። ወርዶ ዐየው፤ አልተሰበረም። እንደገና አንሥቶ ወጣ። አራት ጊዜ ደጋገመው። ይህ አሞራ የሚበላው ከሁሉ ይበልጥ አጥንት ነው፤ የሆዱ አሲድ አጥንቱን ያሟሟዋል። የደረቱ ቅላት ደግሞ ከተፈጥሮው አይደለም፤ ብረት ባለበት ቀይ ጭቃ ውስጥ እየታጠበ የሚቀባው ነው። ለምን እንደሚቀባ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አያ ግን «ሰውስ እንሶስላ ለምን ይሞቃል?» ብለው ክርክሩን ዘጉት።

በዚያው ጨዋታ ላይ አያ ሌላ ነገር ነገሩን። አሞራ የጾሙን መግቢያና መውጫ ያውቃል፤ በፍልሰታ ከከተማው ይርቃል፥ ጾሙ ሲፈታ ከቄራው አጠገብ ይገኛል አሉ። ልንስቅ ስንል አንድ ነገር ትዝ አለን። በ2012 የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብን ፋንድያ መርምሮ በዐቢይ ጾም ሰው ከሥጋ ሲርቅና የቄራ ትራፊ ሲጠፋ ጅቡ ከወትሮው እጥፍ ያህል አህያ እንደሚበላ አሳይቷል። ጅብ ከጾመ አሞራ የማይጾምበት ምክንያት አይታየንም።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ደመናው እየተሰነጠቀ ሲነሣ ጆፌ አሞራዎቹ መጡ። አንድ፥ ከዚያ ሁለት፥ ከዚያ አራት አብረው። ከገደሉ ጥግ እየወጡ በላያችን አልፈው ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤ ላባቸው ነፋሱን ሲቆርጥ ይሰማ ነበር። ከመካከላቸው ሰባቱ ጥቁሩ ላባቸው በነጭ ጫፍ የተዥጐረጐረ፥ በሩፔል ስም የሚጠራው ወገን ናቸው። ስሙን ያወጣለት ሩፔል ራሱ አይደለም፤ አልፍሬድ ብሬም የተባለ ሌላ ጀርመናዊ በ1852 ለክብሩ ሰየመለት። በ1973 በኅዳር ወር በኮትዲቯር ከአቢጃን በላይ በ11,300 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ አሞራ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በላባው ቢመረመር ከዚሁ ወገን ሆኖ ተገኘ። ራስ ደጀን ሁለት ጊዜ ቢደራረብ እዚያ አይደርስም። የቀሩት አራቱ በመነጽሩ ጭጋግ ምክንያት በርግጥ ስላልለየናቸው «ጆፌ አሞራ» ብለን ብቻ ጻፍናቸው። ድምር አሥራ አንድ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየን፤ አልተጨመረም።

እኛ በአሥራ አንዱ ተደስተን ስንጨባበጥ አያ ዝም ብለው ነበር። ቆይተው «በልጅነቴ አንድ በቅሎ ሲሞት ሬሳው እስኪቀር አንጠብቅም ነበር፤ ከጧት እስከ ቀትር አጥንቱ ብቻ ይቀራል። ዛሬ ውሻ ሦስት ቀን ይጓተተዋል፥ ይሸታል» አሉ። የአንድ ሽማግሌ ቃል ቆጠራ አይደለም፤ ሆኖም ከቆጠራው ጋር ይስማማል። በ2016 የታተመ ጥናት በአፍሪካ የሚኖሩ ስምንት የጥንብ አንሳ ወገኖችን መርምሮ በአማካይ 62 በመቶ እንደ ቀነሱ ገልጿል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 የሩፔልን ጆፌ አሞራ ከዱር ከመጥፋት በፊት ወዳለው የመጨረሻ ደረጃ አውርዶታል። ዋናው ገዳይ መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለውሻ የተቀመጠው መርዝ ሬሳውን የበላውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ አሞራ ደግሞ ለብቻው አይበላም፥ ማዕዱ የማኅበር ነውና አንድ የተመረዘ ሥጋ ብዙውን በአንድ ቀን ይጨርሳል። ሕንድ አገር የደረሰው ሌላ ዓይነት ነው። ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት በከብቱ ሬሳ ውስጥ ቀርቶ የአሞራውን ኩላሊት እንደሚያበላሽ በ2004 ታወቀ፤ በ2006 ሕንድ ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከለከለችው፤ እስከዚያ ድረስ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር አሞራ አልቆ ነበር። ሬሳው ለውሻ ቀረ፤ ውሻውም በዛ።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ እናውቀው ነበር። ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ባዶ ሰማይ ለአራት ሰዓት ማየት ግን ሌላ ዕውቀት ነው። በዚያ ላይ በዳባት የሰረዝነው መስመር ሦስታችንንም ይቆጠቁጠን ነበር፤ አንዳችንም አላነሣነውም። ለአሞራ የሚከራከር ሰው ጥቂት ነው። የመስቀል ወፍን ማንም ይወዳታል፤ አሞራን ግን ጤናማው ይጸየፈዋል፥ ያዘነው ይፈራዋል። እኛም ከደባርቅ ስንመለስ በዚያ ቤት ስለ እርሱ ምን ብለን እንደምንናገር አናውቅም ነበር።

የዘመን መለወጫን ያሳለፍነው በእቴቴ ቤት ነው። ዶሮ ታረደ፥ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» አሉ። ማታ ቡና ተፈላ። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ እቴቴ በድንገት «እህ፥ ቆጠራችሁ ምን ሆነ?» አሉን። እኛ ስለ ርግቡና ስለ ጋጋኖው፥ ስለ ጭልፊቷም አወራን። እርሳቸው ሰሙን ሰሙንና «አሞራውስ?» አሉ።

ዝም አልን።

«ልጆቼ፥ የዚያን ዕለት በጣታችሁ አታሳዩ ያልኋችሁ ጠልቼው አይደለም» አሉ። ከሰሉን በመቆስቆሻው እየነካኩ ነበር የሚናገሩት። «የወንድሜን ልጅ አራት ቀን ፈለግነው። ወንዶቹ ወንዙን ይዘው ወረዱ፥ እኛ ሴቶቹ ዳገቱን ይዘን ወጣን፤ የለም። በአራተኛው ቀን እርሱ ሲዞር አየነው። ከሩቅ። ሮጥን። ስንደርስ ገና አልወረደም ነበር፤ ከበላዩ ይዞራል እንጂ አልነካውም። በነጠላዬ ሸፈንሁት፤ ቤተ ክርስቲያን ወስደን በወጉ ቀበርነው። ያ ባይዞር ኖሮ ልጁ በየትኛው ፈፋ ይቀር እንደ ነበረ እንጃ። ታዲያ ዛሬም ሳየው ጕልበቴ ይከዳኛል። መርገም ግን አልረገምሁትም።»

ሦስተኛውን ስኒ ቀዱልን። ከሦስታችን የሚናገር ጠፋ። የአክስቱ ልጅ እንደ ሞተ እንኳ ያላወቀው ጓደኛችን ራሱን አቀርቅሮ ነበር፤ በዚያ ዓመት እርሱ ከተማ ነበረና ማንም በግልጽ አልነገረውም።

«ስንት ሆኑ?» አሉ እቴቴ።

«በሊማሊሞ አሥራ አንድ» አልናቸው።

«አሥራ አንድ ብቻ?»

«እኛ ያየነው ይህንኑ ነው፥ እቴቴ።»

«እዚህ ያያችኋቸውስ ሦስቱ?»

ደብተሩን አውጥተን የተሰረዘውን ቦታ አሳየናቸው። እቴቴ ማንበብ አይችሉም፤ የተቀደደውን ወረቀት ግን በጣታቸው ዳሰሱት። «ምነው ቀደዳችሁት?» አሉ። ከእኛ አንዱ፥ ይሰረዝ ብሎ የተከራከረው ራሱ፥ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ከቀዳዳው ግርጌ በኩራዙ ብርሃን «ነሐሴ 29፥ ዳባት፥ ከማዶው ሸንተረር በላይ፥ ጆፌ አሞራ፥ 3» ብሎ እንደገና ጻፈው።